ጥበቡ በመድረክ፣ ጥበበኛው በሽሮ ሜዳ

በአማርኛችን «ጥበብ» የሚለው ቃል ሁለት ቤት አለው። አንደኛው የሊቃውንት ቤት ነው፤ ዕውቀትን፣ ብልሃትን፣ ድርሰትንና ዜማን በአንድነት እንጠራበታለን። ሁለተኛው የሸማው ጫፍ ነው፤ በቀሚሱ እጅጌና በነጠላው ዳር የሚያበራውን ባለቀለም ሥራ ጥበብ እንለዋለን፤ ሠሪውንም ጥበበኛ። እነዚህ ሁለት ትርጓሜዎች በአዲስ አበባ ከተማ ከሁሉ ይልቅ ተቀራርበው የሚታዩት በቴአትር መድረክ ላይ ነው። መጋረጃው ተገልጦ የባህል ውዝዋዜ ሲጀመር፣ ተመልካቹ በአንድ ጊዜ ዜማውንም ሸማውንም ያያል፤ ለሁለቱም ያጨበጭባል።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ አጭር ነው። ያንን ሸማ የሸመነው ሰው ራሱ በዚያ መድረክ ላይ አለን? ካለስ እንዴት ሆኖ ነው ያለው?

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚያቀናውን መንገድ ይዞ የአሜሪካን ኤምባሲ ያለፈ ሰው ሽሮ ሜዳ ይደርሳል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሱቆች ነጠላ፣ ጋቢ፣ ኩታና የሐበሻ ቀሚስ ሰቅለው ደንበኛ ይጠራሉ። ለሠርግ፣ ለጥምቀት ወይም ለዐውደ ዓመት ልብስ የሚፈልግ የከተማችን ሰው ይህን የጉለሌ ገበያ አሳምሮ ያውቀዋል። ከሱቆቹ ጀርባ ባሉት መንደሮች ግን ሥራው እንጂ ንግዱ አይታይም። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ታች ሰዶ፣ በእግሩ ድሩን እያፈራረቀ ይከፍታል፤ በእጁ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ክሩን በጣቱ እየለየ ቀለሙን ያስገባል። ገዢው በሱቁ ደጃፍ በአንድ ዓይን ጥቅሻ የሚያልፈው ጥበብ፣ ለሠሪው የረጅም ሰዓት ቁጭታ ነው።

ከእነዚህ ሸማኔዎች ብዙዎቹ፣ እነርሱ ባይሆኑ አባቶቻቸው ወይም አያቶቻቸው፣ የመጡት ከጋሞ ደጋ ነው። ይህ አገር ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጋሞ ዞን፣ ከአርባ ምንጭ በላይ በጨንቻና በአካባቢዋ የሚገኘው ቀዝቃዛ ተራራማ አገር ነው። እንሰትና ገብስ ያበቅላል፤ ቤቱም ከቀርከሃ ተሠርቶ ከፍ ብሎ የሚቆም ነው። በዚያ አገር ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። አገሩ በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ፣ ሸማኔዎቹ ወደ አዲሲቱ ዋና ከተማ ይመጡ ጀመር። በእንጦጦ ግርጌም ሰፈሩ።

በዚህ ላይ አንድ ትንሽ የምትመስል ስሕተት እናንሣ። የአዲስ አበባ ሰው እነዚህን ሸማኔዎች ሁሉ በአንድ ቃል «ዶርዜ» ብሎ ይጠራቸዋል። ዶርዜ ግን በጋሞ ደጋ ካሉት ብዙ ማኅበረ ሰቦች የአንዱ ስም ነው። ከዶኮ የመጣው፣ ከኦቾሎ የመጣው፣ ከቦንኬ የመጣው ሁሉ የየራሱ አገርና ስም አለው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የጋሞ ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መሆኑ ተመዝግቧል። ይህን ሁሉ ሕዝብ በአንድ መንደር ስም መጥራት፣ የአዲስ አበባን ነዋሪ ሁሉ «ጉለሌ» ብሎ እንደ መጥራት ያለ ነው።

ስሙ ብቻም አይደለም። የእጅ ሥራ በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል፤ «ሸማኔ» የሚለው ቃልም የሥራ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኖ አገልግሏል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ፣ ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ይመሰክራል። እንግዲህ ይህ ሕዝብ በመድረክ ላይ እንዴት ይታያል ብሎ መጠየቅ የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። በመንገድ ላይ የተናቀ ሰው በመድረክ ላይ ሊከበር ይችላል፤ ወይም ንቀቱ በመብራትና በከበሮ ታጅቦ ሊደገምበት ይችላል።

መድረኩ እንዴት ተከፈተ?

በአዲስ አበባ የባህል ዘፈንና ውዝዋዜ ወደ ቴአትር ቤት የገባበት በር ሰፊ ሆኖ የተከፈተው በሀገር ፍቅር ነው። ማኅበሩ በ1927 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ወረራ በደጅ ቆሞ ሳለ፣ ሕዝቡን ለአገሩ ለማነሣሣት ተቋቋመ። ንግግሩ፣ ዘፈኑና ጭውውቱ በአንድ መድረክ ላይ ይቀርብ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ሊቅ ሃሊም ኤል ዳብህ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ በገናና እምቢልታ፣ በየአገሩ ለየብቻቸው ይሰሙ የነበሩት፣ በአንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። ይህን ጓድ በኋላ የመራው ተስፋዬ ለማ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ፣ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ፣ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ የኪነት ቡድን በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ተዘዋውሮ የኢትዮጵያን ሕዝቦች ዘፈንና ውዝዋዜ አሳየ።

የዚህ ሥራ ጥቅም መካድ የለበትም። ከትውልድ አገሩ ወጥቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ፣ የጋሞን፣ የኩናማን፣ የሐረርን ጭፈራ ያወቀው በእነዚህ መድረኮች ነው። ቀድሞ ዘፈን ተብሎ የማይቈጠረው ሁሉ ዘፈን መሆኑን ተመልካቹ ተማረ። በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን የሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦች በዓልም ይህንኑ ልማድ አገር አቀፍ አድርጎታል።

ይሁንና ልማዱ የራሱ መልክ አለው። ተወዛዋዦቹ ገብተው የአንዱን አገር ጭፈራ ለጥቂት ደቂቃ ያሳያሉ፤ ወጥተው ልብስ ይለውጣሉ፤ በሌላ አገር ስም ይመለሳሉ። የጋሞ ተራ ሲደርስ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ዱንጉዛ ይለበሳል፤ ወገቡ ይፈጥናል፤ ከበሮው ይሞቃል፤ አዳራሹም ይስቃል፤ ያጨበጭባል። ከዚያ ያልፋል። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ስም ያለው አንድም ሰው አላየንም። የሚወድ፣ የሚያዝን፣ የሚከራከር፣ ልጁን የሚድር፣ ዕዳ ያለበት የጋሞ ሰው አልታየም። ልብሱ ታየ፤ ለባሹ ግን አልታየም።

ድምፁም እንዲሁ ነው። የጋሞ ደጋ ዘፈን፣ በተለይም የዶርዜ፣ በዓለም የሙዚቃ ሊቃውንት ዘንድ የሚታወቀው በወገብ እንቅስቃሴ አይደለም። የሚታወቀው በብዙ ድምፅ አዘፋፈኑ ነው። በሌላው የአገራችን ክፍል በብዛት እንደምንሰማው አንዱ አውጥቶ ሌላው ተቀብሎ ብቻ አይሄድም። አንዱ ቡድን አንድ አጭር ዜማ ይይዛል፤ ሌላው የተለየ ይጀምራል፤ ሦስተኛው በመካከላቸው ይገባል፤ ድምፆቹም እንደ ድርና ማግ ይጠላለፋሉ። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ቤርናር ሎርታ ዣኮብ በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ወደ ዶርዜ አገር ሄዶ ይህን ዘፈን በቴፕ ቀርጿል፤ ሸክላውም በፓሪስ ታትሟል። በከተማችን መድረክ ግን ይህ ሁሉ ድምፅ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ዘፋኝና ወደ አንድ ኦርጋን ይጠቃለላል። በፓሪስ የተሰማው፣ ሽሮ ሜዳ አጠገብ ሳይሰማ ይቀራል ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የቀልዱ መድረክ ነው። ከገጠር የመጣውን ሰው አማርኛ እያጣመሙ ማሳቅ በከተማችን የቆየ ልማድ ነው። እኛ እንደሚመስለን፣ ሁለተኛ ቋንቋውን እየተናገረ ያለ ሰው ሊደነቅ እንጂ ሊሣቅበት አይገባም፤ የሣቀበት ሰው የጋሞን ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቅምና።

የሌላው አገር ምሳሌ

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ታሪኩ በንግግር ብቻ ሳይሆን በዘፈንና በጭፈራ ጭምር የሚነገርበት ቴአትር እጅግ የተስፋፋ ነው፤ ከስፓኝኛ ተናጋሪ አገሮች የመጡት ዜጎች፣ ላቲኖ የሚባሉት፣ በዚያ መድረክ ላይ ያሳለፉት ነገር ለእኛ ትምህርት አለው። እነርሱም እንደ ጋሞ ሰዎች ብዙ ሆነው ሳለ በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ፖርቶ ሪካዊው፣ ሜክሲካዊው፣ ዶሚኒካዊውና ኩባዊው ሁሉ አንድ ተደርገው ይቈጠራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1957 በኒው ዮርክ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» የተባለው ዝነኛ ቴአትር ተከፈተ። ታሪኩ የፖርቶ ሪኮ ወጣቶች ከሌሎች የሰፈር ወጣቶች ጋር የሚጣሉበት ነው። ዜማው ድንቅ ነው፤ ጭፈራውም እስከ ዛሬ ይደነቃል። ነገር ግን ከፈጠሩት 4 ሰዎች፣ ከሊዮናርድ በርንስታይን፣ ከስቲቨን ሶንዳይም፣ ከአርተር ሎረንትስና ከጀሮም ሮቢንስ፣ አንዱም ፖርቶ ሪካዊ አልነበረም። የመጀመሪያው ሐሳብ እንዲያውም ስለ ካቶሊኮችና ስለ አይሁዶች ነበር፤ ፖርቶ ሪካውያን በኋላ የገቡ ናቸው። በ1961 ፊልም ሲሆን የዋናዋን ፖርቶ ሪካዊት ልጃገረድ ቦታ ናታሊ ዉድ ያዘች፤ እርሷም ፖርቶ ሪካዊት አልነበረችም። ፖርቶ ሪኮ የተወለደችው ሪታ ሞሬኖ በፊልሙ ኦስካር ተሸለመች፤ ሆኖም እርሷንም ሳይቀር ከሌሎቹ ጋር አንድ ዐይነት ጥቁረት ያለው ቀለም ፊቷን ቀቧት። ፖርቶ ሪካዊቷ ፖርቶ ሪካዊት እንድትመስል ተቀባች! የሰዎች መልክ ብዙ መሆኑ ለመድረኩ አልተመቸም ነበር።

መልሱ የመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከእርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በካሊፎርኒያ፣ በዴላኖ ከተማ፣ የወይን ለቃሚዎች አድማ ሲመቱ፣ ሉዊስ ቫልዴዝ የተባለ ወጣት ከለቃሚዎቹ ጋር ቴአትር አቋቋመ። ተዋንያኑ ሠራተኞቹ ራሳቸው ነበሩ፤ መድረኩም የጭነት መኪና ነበር። በአንገታቸው ላይ «ባለቤት»፣ «አድማ ሰባሪ» የሚል ጽሑፍ አንጠልጥለው እየዘፈኑና እየቀለዱ የራሳቸውን ኑሮ ያሳዩ ነበር። ይኸው ሰው በ1979 «ዙት ሱት» የተባለውን ሥራውን እስከ ብሮድዌይ አደረሰ። ሁለተኛው ከከተማ ነው። በ2008 ሊን ማኑኤል ሚራንዳና ኪያራ አሌግሪያ ሁዴስ «ኢን ዘ ሃይትስ»ን በብሮድዌይ አቀረቡ፤ የዓመቱ ምርጥ የሙዚቃ ቴአትር ተብሎ የቶኒን ሽልማት አገኘ። ታሪኩ በኒው ዮርክ ሰሜን በአንድ ሰፈር ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። ባለሱቅ አለ፤ ፀጉር ሠሪ አለች፤ ከዩኒቨርሲቲ አቋርጣ የተመለሰች ተማሪ አለች። የሚዋጋ ወሮበላ ሳይሆን የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው ሰው ዘፈነ።

ነገሩ በዚህም አላለቀም። ይኸው ሥራ በ2021 ፊልም ሲሆን፣ በሰፈሩ የሚኖሩት ጥቁር ላቲኖዎች በዋና ዋና ቦታዎች አልታዩም ተብሎ ተወቀሰ፤ ሚራንዳም በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚህ የምንማረው፣ የአገሩ ተወላጅ ስለ ጻፈው ብቻ ሁሉም ሰው ተወክሏል ማለት እንደማይቻል ነው። ጥያቄው በየጊዜው እንደ አዲስ መጠየቅ አለበት።

ያልተሠራው ቴአትር

አሁን ወደ ጉለሌ እንመለስ። የጋሞ ሸማኔ ሕይወት ለሙዚቃ ቴአትር የሚሆን ታሪክ አለውን? እኛ እንደምናየው፣ ሞልቶ የተረፈው ነው።

የመስቀል በዓል ሲደርስ ከአዲስ አበባ ወደ ጋሞ ደጋ የሚመለሰውን ሰው እናስብ። መስቀል ለጋሞ ሰው የዓመቱ ታላቅ በዓል ነው፤ «ዮ ማስቃላ» እየተባለ ይከበራል። ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመው ገንዘብ፣ ናፍቆትና ጠብ ሁሉ በዚያ ይገናኛል። ደግሞ ጨለማውን ክፍል እናስብ፤ ሙያ ትማራለህ፣ ትምህርት ቤት ትገባለህ ተብሎ ከጋሞ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በሽመና ጉድጓድ ውስጥ ጉልበቱ የተበዘበዘ ሕፃን ታሪክ በብዙ ጥናት የተመዘገበ እውነት ነው። እውነተኛ ቴአትር የሚያስመሰግነውን ብቻ ሳይሆን የሚያሳፍረውንም ይናገራል። የሦስት ደቂቃ ውዝዋዜ ይህን ሊናገር አይችልም።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር አለ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በቡራዩና በአካባቢዋ በደረሰው ጥቃት ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ቤታቸውን ጥለው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ከተጎዱት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች በቍጣ ለበቀል ወጡ። ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። በአገሩ ባህል ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ክልክል ነው። ወጣቶቹ ቆሙ፤ ተመለሱም። ሽማግሌዎቹ ይህን ያገኙት በአንድ ቀን አይደለም፤ ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ ቦታ ለዘመናት ሲመክሩና ሲያስታርቁ የኖሩበት ሥርዓት ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለ ጋሞ ሕዝብ ከውዝዋዜው በቀር ሌላ ነገር የሰሙት በዚያ ሳምንት ነው። ለምን እስከዚያ ድረስ ቆየ? ዱቡሻው በመድረካችን ላይ ቀድሞ ታይቶ ቢሆን፣ የከተማው ሰው ጎረቤቱን ቀድሞ ያውቀው ነበር። በብዙ ድምፅ የሚዘፍን ሕዝብ፣ የሚቈጡ ልጆች፣ በዝምታ የሚንበረከኩ አባቶች፤ ይህ በጋሞ ዜማ ቢሠራ የማን ልብ አይነካም?

አንዳንድ ሰው «እንግዲያው የጋሞን ሰው የሚጫወት ጋሞ ብቻ፣ የጎጃምን የጎጃም ሰው ብቻ ይሁን ነው የምትሉት?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። አይደለም። ተዋናይ ያልሆነውን ሆኖ የሚታይ ሰው ነው፤ ሙያው ይኸው ነው። አንድ የጎንደር ልጅ የጋሞን አባት አሳምሮ ሊጫወት ይችላል፤ የሽሮ ሜዳ ልጅም ዐፄ ቴዎድሮስን ሊሆን ይገባዋል። የምንለው ሌላ ነው። ታሪኩ ሲጻፍ ባለታሪኩ ተጠይቋልን? ዜማው ሲዘጋጅ የሚያውቀው ሰው ተጠርቷልን? ስሙስ ተጽፏል፤ የድካሙ ዋጋስ ተከፍሎታልን? ሸማው የተገዛው ከእርሱ ነው፤ ታሪኩ ግን ሳይጠየቅ ተወስዶ እንደ ሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ይህን የምንጽፈው በተለይ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ነው። የትምህርት ቤቱን የወላጆች በዓል፣ የመሥሪያ ቤቱን ዝግጅት፣ የወረዳውን የኅዳር 29 ትርኢት የምታሰናዱት እናንተ ናችሁና። በእጃችሁ ያለው ነገር ከሚመስላችሁ ይበልጣል። «የደቡብ ውዝዋዜ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ ከየትኛው አገር፣ ለየትኛው በዓል የሚዘፈን እንደ ሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ። ስድስት ኪሎ የምትማሩት ደግሞ ሽሮ ሜዳ ከእናንተ የአጭር መንገድ ያህል ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ሩቅ አገር ከመፈለግ በፊት ያንን ዳገት ውጡት። በመንደሩ ያሉ አባቶችንና እናቶችን በአክብሮት ጠይቁ፤ ፈቃዳቸውን አግኝታችሁ ዘፈናቸውን በሙሉ ድምፁ ቅረጹ፤ በቋንቋቸው ጻፉት። የትርኢቱ ጊዜ 30 ደቂቃ ከሆነ፣ 10 ሕዝብ በ3 በ3 ደቂቃ ከማሳለፍ አንዱን ታሪክ በወጉ መናገር ይሻላል። በሚቀጥለው ዓመት የሌላው ተራ ይሆናል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ እናውቀዋለን፤ በየስብሰባውም እንናገረዋለን። ሸማኔው ግን አንድ ነገር ይጨምርበታል። ድር የሚያብረው እያንዳንዱ ክር ሳይበጠስና ሳይጠፋ በየቦታው ሲወጠር ነው። አንዱ ክር ከተሸሸገ ሸማው ይሳሳል፤ ጥለቱም ይበላሻል። መድረካችንም ከዚህ የተለየ አይደለም።